ጤና መኮንን ልትማሩ ነው? ስለ ቀበሌው ቆይታ ማንም ያልነገረኝ

ጤና መኮንን ለመማር ምርጫ የሞላችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ስገባ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሲኒየሮቻችን ስለ አናቶሚ፣ ስለ ባዮኬሚስትሪ፣ ውጤት ስለሚቆነጥረው መምህር አውርተው አይጠግቡም። ስለ ቲቲፒ፣ ማለትም በቡድን ቀበሌ ወርደን ስለምንሠራው የመስክ ሥልጠና፣ ስንጠይቃቸው ግን «ትደርሱበታላችሁ» ብለው ያልፉት ነበር። ደረስንበት።

ፍሬሽማን ያው ፍሬሽማን ነው፤ አንብቡና እለፉ። ቀጥሎ መሠረታዊ የሕክምና ኮርሶች ይመጣሉ፣ ከዚያ ዋርድ፣ ማለትም በሆስፒታል የሕሙማን ክፍል የሚሰጠው ልምምድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ካልመጣ ምረቃ የለም። የቀድሞ ጥያቄዎችን በቡድን እየሠራችሁ ቆዩ፣ አትፍሩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ከዲፓርትመንቶች ምክር ጋር አልስማማም። «ክሊኒካሉ ላይ አተኩሩ» ይሏችኋል። እኔ ኤፒዲሚዮሎጂን (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናውን) እና ባዮስታትን (የጤና ስታቲስቲክስን) አስቀድሙ እላለሁ። ዋርድ ውስጥ ሬዚደንቱም (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) ነርሱም እየገሠጹ ያስተምሯችኋል። መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ አንድ መቶኛ ከየትኛው አካፋይ እንደወጣ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ቁጭ ብሎ የሚያሳያችሁ የለም። ቀበሌ ስትወርዱ የሚያዋጣችሁ ደግሞ እሱ ነው።

ይህ ሙያ ከጅምሩም የገጠር ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደንቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር የታሰበው። የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ አደረገ። ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና የመጣው ከዚህ ነው። የተለያየ የጤና ዘርፍ ተማሪዎች አንድ ላይ ወደ ወረዳ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ጥናት ያደርጋሉ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ የቻሉትን ይሠራሉ፣ ሪፖርት ያቀርባሉ። ከአራቱ ዓመት ትምህርቴ ውስጥ ሙያውን የወደድኩት በዚያ ቆይታ ነው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱው ነው።

የተመደብንበት ቀበሌ መግቢያ ላይ «ይህ ቀበሌ ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የተሰጠን ሰነድም የመጸዳጃ ቤት ሽፋኑ መቶ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ይናገራል። መጠይቃችን ውስጥ ጥያቄዋ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፦ መጸዳጃ ቤት አለ ወይስ የለም?

መጀመሪያ የገባንበት ቤት አንዲት አሮጊት እናት ተቀበሉን። «እማማ፣ መጸዳጃ ቤት አለዎት?» አልናቸው። «አለን እንጂ ልጄ!» «ብናየው ይፈቅዱልናል?» ትንሽ አሰቡና ከጓሮ ወሰዱን። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ሣር በቅሎበታል። የጉድጓዱን አፍ የያዙትን እንጨቶች ምስጥ በልቷቸው፣ አንዱ ወገን ወደ ውስጥ ተደርምሷል። ለእጅ መታጠቢያ የተሰቀለችው ጀሪካን ደርቃ ሸረሪት አድርቶባታል። «ክረምቱ በላው» አሉ እማማ። «ማን ይቆፍርልኝ፤ ልጆቹ ከተማ ናቸው።» አብራን የነበረችው ልጅ መጠይቁ ላይ «አለ» የሚለውን ልታከብብ እስክሪብቶዋን አንስታ ቆመች።

ያን ማታ ቡድኑ ተነጋግሮ ጥያቄውን ቀየርነው። አለ ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ቆሟል ወይ፣ ይጠቀሙበታል ወይ ብለን በዓይን አይተን እንድንሞላ ተስማማን። መንገዱ የተረገጠ ነው? ጉድጓዱ ክዳን አለው? ውኃና ሳሙና ወይም አመድ በአቅራቢያው አለ? በዚህ ስንቆጥር የሚያገለግል መጸዳጃ ያለው ቤት ከግማሽ ብዙም አልዘለለም።

ልዩነቱ ከተደረመሱት ጉድጓዶች ብቻ አልመጣም። አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። የወረዳው ዕቅድ ላይ ያለው የአባወራ ቁጥር ከዚያ ተነስቶ በየዓመቱ በግምት እየተደመረበት የመጣ ነው። እኛ በእግራችን ስንዞር ጎጆ የወጡ ወጣቶች ቤቶች በዕቅዱ ከታሰበው በልጠው አገኘናቸው። አካፋዩ ካነሰ ሽፋኑ ያብጣል። በአንዳንድ ቦታ የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ሆኖ የሚቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በአንድ ስላይድ አልፈነው ነበር።

ሪፖርቱ እንዲጸድቅ የወረዳው ፊርማና ማኅተም ያስፈልጋል። ኃላፊው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቁጥሩ ላይ ቆሙ። «ልጆች፣ እናንተ ልትማሩ ነው የመጣችሁት፣ እኛን ልትገመግሙ አይደለም። አስተካክላችሁ አምጡ፣ እፈርማለሁ» አሉን። እንዴት እንደቆጠርን ለማስረዳት ሞከርን፣ አልሰሙንም። በሌላ ቀን ስንመለስ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደግመን ስንመጣ መስክ ወጥተዋል፤ ማኅተሙ ደግሞ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። ወደ ዲፓርትመንታችን ደወልን። «ከወረዳው ጋር አትጋጩ፣ ተስማሙ» የሚል መልስ መጣ። በምን እንስማማ? የፈረሰ ጉድጓድ ቆሟል ብለን?

ከሁሉ የከፋው ጣጣው ያረፈው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ላይ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ በጤና ኬላው ሁለት ሴት ባለሙያዎች፣ በእጃቸው 16 የጤና አገልግሎት ዘርፎች (ፓኬጆች) ተብሎ ነው። በእኛ ቀበሌ ባልደረባዋ ወሊድ ላይ ስለነበረች ሁሉም በአንዷ ትከሻ ላይ ነበር። ኃላፊው እኛ ፊት ደውለው ገሠጿት። በኋላ ጤና ኬላ ስናገኛት «‹የጎረቤትሽ ቀበሌ መቶ ሞልቷል፣ አንቺስ?› እባላለሁ። ምን ብዬ ልላክ?» አለችን። እኔ ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ቁጥሩን ከላይ ሆነው የሚጠይቁት ሌሎች፣ የምትወቀሰው እሷ።

ቁጥሩን አልቀየርነውም። የወረዳውንም የእኛንም ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደተሰላ ከሥሩ ጻፍን። ሱፐርቫይዘራችን መጥቶ «እስቲ አብረን እንይ» ብሎ ኃላፊውን ወደ ጎጡ ከወሰዳቸው በኋላ ተፈረመልን። ከወረዳው በሚመጣው ግምገማ ግን «ተግባቦት» የሚለው ነጥባችን ተቆርጦ ነው የመጣው። ያ ነጥብ ትራንስክሪፕቴ ውስጥ አለ፣ አላፍርበትም።

ለምትገቡት የምለው ይህ ነው። መመሪያው ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል ይላል። ያለ ፈቃድ መጠይቅ አትሙሉ፣ ትክክል ነው። ግን ደብዳቤው እስኪወርድ ዶርም አትቀመጡ። ጤና ኬላ ሂዱ፣ ኤክስቴንሽኗን ሰላም በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ የቤተሰብ ማህደሯን እንዴት እንደምትይዝ ጠይቁ። ግኝታችሁን ደግሞ ወረዳ ከመግባቱ በፊት ለእሷ አሳዩ፤ ከአለቃዋ አፍ ልትሰማው አይገባም። ኃላፊውንም በወረቀት ከመግጠም በፊት መስክ ጋብዟቸው። አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ መጋበዛችሁን ግን ሪፖርቱ ላይ አስፍሩ።

«ሕክምና አልደረሰኝም፣ እንግዲህ ይሁን» ብላችሁ ከሆነ የምትገቡት ግን ተዉት። ተመርቆ ሥራ ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም፣ በየቢሮው ሲቪ ይዘው የሚንከራተቱ ጓደኞች አሉኝ። ሰው ቤት አንኳኩቶ ጓሮ ድረስ መሄድ የማይወድ ሰው በዚህ ሙያ ይሰቃያል።

ሪፖርቱን ስታስጠርዙ ደግሞ ለዲፓርትመንቱና ለወረዳው ብቻ አታባዙ። አንድ ኮፒ ለጤና ኬላው ተዉ። የሰው ስም ሳይኖርበት፣ በየትኛው ጎጥ ስንት ጉድጓድ እንደተደረመሰ በሠንጠረዥ አስቀምጡላት። የእኛዋ ኤክስቴንሽን ያንን ሠንጠረዥ ይዛ በበጋው የልማት ቡድኖቹን እያስተባበረች ማስቆፈር እንደጀመረች በስልክ ነግራኛለች። የጀመረችውም እነዚያ እማማ ካሉበት ጎጥ ነው።