እትዬን እንዴት ሳልኳቸው

የሰፈራችን የእድር ዕቃ የሚቀመጠው እትዬ ዘንድ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድስቱን፣ ትሪውን፣ ጆጉን ቆጥረው ያስረክባሉ፤ ሰው ሁሉ በልቶ ሲበተን ድስት ሲፈትጉ የሚያመሹት እሳቸው ናቸው። ባሏ የሞተባትን የአንዲት ጎረቤታችንን ወርሃዊ መዋጮ ከኪሳቸው ሲከፍሉ እንደኖሩ ያወቅነው ገንዘብ ያዡ ተቀይሮ መዝገቡ ሲታይ ነው። ሴትዮዋ ራሷ እድሩ የማራት ነበር የመሰላት። ይህን እንደሰማሁ ልስላቸው ቆረጥኩ።

ከፎቶ መሳል ይቀል ነበር። ግን ስልክ ሲያዩ ፊታቸው ድርቅ ይላል። ስለዚህ አስፈቀድኳቸውና በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ልስላቸው ተስማማን። ጣና ከባሕር ዳር በስተሰሜን ስለሆነ ወደ ሐይቁ የዞረ በረንዳ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ፀሐይ አይመታውም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ጥላው ቶሎ ቶሎ አይቀያየርም። ፊት ለመሳል ግሩም ነው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አሰብኩ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው አይቶታል፤ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፣ ክፉው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እኔም እትዬን ፊት ለፊት ነው የፈለግኳቸው። እሳቸው ግን ቀና አይሉም! ቀና የሚሉት አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው ብቻ ነው። ያቺን ቅጽበት እየጠበቅኩ፣ አንዴ ዓይናቸውን፣ አንዴ አፋቸውን በትንሽ ደብተር ላይ ቶሎ ቶሎ ጫር ጫር እያደረግኩ ሰበሰብኩና ቤቴ ገብቼ በትልቁ ወረቀት ላይ አገጣጠምኩት።

ለጀማሪዎች የምለው፣ ዓይን የሚውለው የራስ ቁመት መሃል ላይ ነው። ሻሽና ነጠላ ሲኖር ይህ ያሳስታል። የፊት ሽብሽብን ደግሞ በመስመር አትሳሉ፤ እትዬ እትዬን የመሰሉት የዓይናቸውን ሥር በ2ቢ እርሳስ ጠቆር አድርጌ በጥጥ ሳሻሸው ነው። ነጠላቸውን ጨርሶ አልነካሁትም። ወረቀቱን ነጭ ትቼ ዙሪያውን ከ2ቢ ይልቅ ለስላሳና ጥቁር በሆነው በ6ቢ እርሳስ አጠቆርኩት።

ሥዕሉን ሳሳያቸው ዝም ብለው ብዙ አዩት። እድሩ ቤት ይሰቀል ስንል እምቢ አሉ። ከዚያ "እንደው ልጄ፣ የዚያችን ልጅ ባል ትስልላት? ያላት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው" አሉኝ።

መዋጮዋን ሲከፍሉላት የኖሩትን ጎረቤታችንን ማለታቸው ነው። አሁን የባሏን ሥዕል ይዣለሁ። የመታወቂያው ፎቶ ትንሽ ነው፣ ብልጭታው የፊቱን ጥላ በልቶታል፤ ስለዚህ እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ሚስቱን አስቀምጬ ስለ ጉንጩና ስለ አፍንጫው እየጠየቅኳት ነው።