ወንድሜ ራሱን መምታት የተወው «ልረፍ» ማለት ሲችል ነው

ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ አይናገርም። ጭንቅላቱን ከግድግዳ ማጋጨትና እጁን መንከስ ሲጀምር አዳማ ውስጥ ያልመከረን ሰው የለም። ግረፉት፣ እሰሩት፣ ክፉ መንፈስ ነው ተባልን። እማዬ ጠበል ወሰደችው፤ እኔ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የጆሮ ወይም የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት እንኳ መናገር የማይችልን ሰው ለዚህ ሊዳርገው ስለሚችል ከሁሉ በፊት ይህ ይጣራ። የእርሱ ጤና ደህና ነበር።

ከዚያ ደብተር ያዝኩ፤ ከመምታቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ እኛስ ምን አደረግን? ምስጢሩ የተገኘው በመጨረሻው ጥያቄ ነው። ፊትህን ታጠብ፣ ሸሚዝህን ልበስ ሲባል ይመታል፤ እኛም ደንግጠን «ተዉት» እንላለን። ከታዘዘው የሚያመልጠው በዚህ ነበር።

የሥነ ባህርይ ተመራማሪው ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ባሳተሙት ጥናት ራስን መጉዳት ከሰው ሰው የተለያየ ምክንያት እንዳለው በሙከራ አሳይተዋል። አንዱ፣ ሰዎች እንዲያዩት፤ ሌላው ከሥራ ለማምለጥ ያደርገዋል። ወንድሜን ለቅጣት ጥግ ማስቀመጥ እንግዲህ ሽልማት መስጠት ነው! በ1985 ደግሞ ኤድዋርድ ካር እና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለድርጊቱ ምትክ የሚሆን መግባቢያ ማስተማር እንደሚሠራ አሳዩ።

እኛም ካርቶን ቆርጠን «ልረፍ» የሚል ትርጉም ያለው የተዘረጋ መዳፍ ሣልንበት፤ ካርዱ ይህ ነው። ፎጣውን ሳቀርብ፣ ገና ሳይመታ፣ ካርዱን አስይዤው እጁን ወደ እጄ አመጣለሁ። ወዲያው ፎጣውን አስቀምጣለሁ፤ ጥቂት አርፎ እንመለሳለን። ከመታ ግን ትራስ በግድግዳውና በጭንቅላቱ መካከል አስገብቼ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፤ መታጠቡም አይቀርም።

መጀመሪያ ባሰበት። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ያለ ባለሙያ አይሞከር። የከበደኝ የአያቴ ርኅራኄ ነበር። ልጁ ሲጮህ አንጀቷ አይችልም። «እማማ፣ ካርዱን ሲሰጥሽ ወዲያው እሺ በይው፤ ርኅራኄሽ ያኔ ይድረሰው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከሁላችን ቀድማ እጇን የምትዘረጋለት እርሷ ሆነች።

በሙቀቱ ቀን፣ እንቅልፍ ባጣበት ማግስት ዛሬም እጁን ይነክሳል። ጭንቅላቱን ግን መምታት ትቷል። አሁን የምናስተምረው መጠበቅን ነው፦ ካርዱን ሲሰጠኝ «እሺ፣ ይህን እጅጌ ካስገባህ በኋላ» እለዋለሁ፤ ቀጥሎ ሁለቱንም እጅጌ፣ ከዚያ ቁልፎቹን።