በር ላይ የመጣ ማር

የአዳማ የ8 ሰዓት ፀሐይ መሬቱን እየጠበሰው የግቢው በር ተንኳኳ፣ እኔ ደሞ ልዋጭ መስሎኝ ከውስጥ ሆኜ "የለም!" አልኩ፣ አልሄደም። ወጥቼ ሳይ አንድ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ "እትዬ ንፁህ የባሌ ማር ነው፣ ቅመሺውና ካልወደድሽው ተይው" ይለኛል። ስህተቴ እዚጋ ነው፣ ቀመስኩ። አንዴ ከቀመሱ በኋላ በር መዝጋት እንዴት እንደሚከብድ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ስጪኝ ሲለኝማ ጭራሽ አለቀልኝ። ክብሪት አወጣ፣ ጫፉን ማሩ ውስጥ ነከረና ጫረው፣ በራ! "አየሽ እትዬ፣ ውሃ ቢኖረው ይበራል?" 2 ኪሎ ገዛሁ።

ማታ እማዬ በማንኪያ አንስታ ቁልቁል ሲወርድ ዝም ብላ አየችውና "ይሄ ስኳር ነው ልጄ" ብላ ክዳኑን መለሰችው። ክብሪቱስ ስላት ሳቀች፣ ለካ የስኳር ሽሮፕም ከወፈረ ክብሪቱ ሊበራ ይችላል።

በአዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይ ብር ማስመለስ ይቻላል ይላሉ፣ ግን ከማን? ደረሰኝ የለ፣ ሱቅ የለ፣ የሰጠኝ ስልክ አይሰራም። (ውሃዬንም ጠጥቶ ሄደ እኮ!) ቆራሌው ይሻለኛል፣ እሱ ቢያንስ ብር ሰጥቶኝ ነው የሚሄደው።

አሁን ሲንኳኳ በሩን ሳልከፍት በቀዳዳው ነው የማወራው። ዛሬ ጠዋት መጥረጊያ ሻጯን "አለን እናቴ" ብዬ ሸኘኋት፣ ገብቼ መጥረጊያችንን ሳየው እጀታው ብቻ ቀርቷል።