ጢሱን ያጠፋሁት እኔው ነኝ

ባለፈው መስከረም ጢስ ዓባይ ሄጄ ያነሳሁትን ፎቶ ሦስት ጊዜ ኤዲት አድርጌ ሦስተኛው ላይ ነው የቀናኝ፣ እንዴት እንደተበላሸ ልንገራችሁ።

ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማልጄ ብወጣም ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ስደርስ 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። ለፏፏቴ ደመናማ ቀን ይሻላል፣ እሱን አውቃለሁ፣ የዛን ቀን ግን ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላለች። ውሃው አረፋ፣ ድንጋዩ ደግሞ ጥቁር ባዛልት፣ ረጥቦ ጭራሽ ከሰል መስሏል። ካሜራው ጥቁሩ ሲበዛበት ብርሃን ይጨምራል፣ ውሃው ምንም መስመር የሌለው ነጭ ወረቀት ሆኖ ቁጭ።

ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ቀነስኩ፣ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አነሳሁ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ነጩ ባለበት ቀኝ ጠርዝ ላይ እንዳይለጠፍ እያየሁ። ጨለማ ውስጥ የቀረ ነገር በኋላ ይወጣል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም፣ እዛ ምንም የለማ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 ላይ ሹተሩ የሚከፈተው ለ1/200 ሰከንድ ነበር፣ ብርሃኑን 6 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር (ጠቆር ያለ መስታወት) ስገጥም 1/3 ሰከንድ ሆነ። 2 ሰከንድም ሞክሬ ነበር፣ ጥጥ ነው የሚመስለው፣ ዓባይ እንደዛ አይወርድም።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ያላችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ እኔ ነጸብራቁን ላጠፋ ሳዞረው የማርያም መቀነቷ ጥፍት አለች፣ ደመና የመጣ መስሎኝ ቀና ብዬ ሰማይ አየሁ እኮ።

ዋናው ጥፋት ቤት ነው የመጣው። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ከፍቼ ሻዶው (ጨለማው ቦታ) +100፣ ሃይላይት (ብሩሁ ቦታ) −100፣ ዲሄዝ +40፣ ድፍርሱን ውሃ ደግሞ ሰማያዊ አደረግኩት (የመስከረም ዓባይ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል?)። ሁሉም ነገር ታየ፣ ድንጋዩ ግን አመድ መሰለ፣ በዛ ላይ የአሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ። ጢስ ዓባይ ያደገችው አክስቴ ስልኬ ላይ አየችውና "ምነው ልጄ፣ ጢሱስ የታለ?" አለች።

ለካ ዲሄዝ ጭጋግ ማጥፊያ ነው፣ የፏፏቴው ብናኝ ደግሞ ለሶፍትዌሩ ያው ጭጋግ ነው። ቦታው ስሙን ያገኘበትን ነገር ነዋ የጠረግኩት!

ሁለተኛውን ዝም ብሎ አደበዘዝኩት፣ እሱን እለፉት። ሦስተኛው ላይ ዲሄዝን ዜሮ አደረግኩ፣ ብናኙ ላይ ብቻ በብሩሽ −10። ሃይላይቱን በማስክ ውሃው ላይ ብቻ −60፣ ሻዶው +15 ሳሩ እስኪለይ፣ ድንጋዩን ጥቁር እንደሆነ ተውኩት። ጢሱ ነጭ የሚሆነው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው፣ እኔ ድንጋዩን ሳበራ ጢሱ የሚታይበትን እያጠፋሁ ነበር።

በበጋ የምትሄዱ ግን ብዙ አትጠብቁ፣ ውሃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በጣም ይቀጥናል፣ ከ2002 ወዲህ ደግሞ የጣና ውሃ በበለስ ማመንጫ በኩልም ይሄዳል። መስከረምና ጥቅምት ነው ጊዜው።

ለአክስቴ ብዬ ፎቶ ቤት ሳሳጥበው ጠቆር ብሎ ወጣ፣ ኤዲት ሳደርግ የስክሪኔ ብርሃን ጥግ ድረስ ከፍ ብሎ ነበራ። ግማሽ ላይ አድርጌ ሳየው ስክሪኑም ላይ ያው ጨለማ ነው። ኤክስፖዠሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ ቅዳሜ ድጋሚ ላሳጥበው ነው።