ኤንኬ ሴልን በዴስክና በወረቀት እንዴት አስተማርኩ

ባዮሎጂ የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። የበሽታ መከላከያ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ጊዜውን ሁሉ ይበሉታል። ናቹራል ኪለር፣ ባጭሩ ኤንኬ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን «ካንሰር ይገድላሉ» ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። እናም ዘንድሮ የሳይንስ ክበብ ልጆችን ሰብስቤ ነገሩን በጨዋታ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። ፕሮጀክተር አላስፈለገኝም፤ መብራቱም ቢሆን የሚታመን አይደለም። ዴስክ፣ ነጭና ቀይ ወረቀት፣ በቃ።

መጀመሪያ መታወቂያ አደልኩ። ኒውክለስ ያለው የሰውነታችን ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል ላዩ ላይ ኤምኤችሲ ክላስ ዋን የሚባል ፕሮቲን አለው። ልጆቹ ነጭ ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ቲ ሴል የሚገድለው መታወቂያው ላይ እንግዳ ነገር ሲያነብ ነው። ካንሰር ደግሞ ብልጥ ነው፤ ከቲ ሴል ለማምለጥ አንዳንዴ መታወቂያውን ቀዶ ይጥላል። ኤንኬ ሴል የሚጠረጥረው ይህንን መታወቂያ የሌለውን ነው። ስዊድናዊው ክላስ ሼሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በአይጦች ላይ ያሳዩትም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ከሉማሜ መጥታ የምትማር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም ብለውን አልነበር? መታወቂያም አይኖረውማ። ታዲያ ለምን አይገድሉትም?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልጠብቅም ነበር። ኤንኬ ሴል መታወቂያ ስለጠፋ ብቻ አይገድልም፤ «ግደል» የሚል ምልክትም ይፈልጋል። የተበላሸ ወይም ጭንቅ ውስጥ ያለ ሴል እንደ ሚካ ያሉ ፕሮቲኖችን ላዩ ላይ ያወጣል። ኤንኬ ሴል ኤንኬጂቱዲ በተባለው ተቀባዩ ይይዛቸዋል። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ይህ ምልክት ስለሌለው ይታለፋል። ወዲያው ለካንሰሮቹ ቀይ ወረቀት ጨመርኩላቸው። ኤንኬ የሆነው ልጅ ነጩንና ቀዩን አመዛዝኖ ይወስናል።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ኤንኬ ሴል ከደም ወጥቶ ወደ ካንሰሩ ዕጢ ለመግባቱ ነው። ዴስኮቹን በሁለት ረድፍ አቆምን። መሐላቸው የደም ሥር፣ ረድፉ ግድግዳ፣ ከረድፉ ጀርባ ዕጢው። ኤንኬዎቹ በመሐል ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ የቆሙት ልጆች መጀመሪያ በጣታቸው ነካ እያደረጉ ያዘገዩዋቸዋል፤ ይሄ ሴሌክቲን የሚባለው ፕሮቲን ሥራ ነው። ቀጥሎ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጥብቅ ብለው ይቆማሉ፤ ይሄ ደግሞ ኢንቴግሪን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ከዚያ በዴስኮቹ ክፍተት ተሽሎክልከው ይገባሉ።

ግን የሚጠራቸው ሊኖር ይገባል። ከዕጢው በኩል «ና! ና!» የሚል ልጅ አቁሜ ነበር። እሱ ኬሞካይን፣ ማለትም ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ ለምሳሌ ሲኤክስሲኤል 10። በሁለተኛው ዙር ዝም በል አልኩት። ኤንኬዎቹ ዕጢው አጠገብ ደርሰው፣ ዞር ብለው ሳያዩት፣ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ሄደው ተመለሱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠጣር ዕጢዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ኤንኬ ሴሎች ጥቂት ናቸው። የገቡትም አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ባለው ድጋፍ ሰጪ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። ይህን በቃል ደጋግሜ ብናገር ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ግድያው አጭር ነው። ኤንኬው ዒላማው ላይ ይለጠፋል፣ ፐርፎሪን የሚባል ፕሮቲኑ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ግራንዛይም የሚባለው ገዳይ ኢንዛይም ይገባል፣ ሴሉ ራሱን ያጠፋል፣ ኤንኬው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ወንዶቹ ይቺን ክፍል ማስረዘም ፈልገው ነበር። ቆረጥኳት።

ምክንያቱም ዕጢው ውስጥ ያለው ጣጣ ይበልጣል። ኦክስጅን ያንሳል፣ አሲድ ይበዛል፣ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ፕሮቲን ኤንኬውን ያደክመዋል። ዕጢው ደግሞ ሚካውን ቆርጦ ይለቀዋል። ካንሰሮቹ ቀይ ወረቀት እንዲበትኑ አደረግሁ። ኤንኬዎቹ እየለቀሙ እጃቸው ሞላ፤ እውነተኛው ካንሰር ፊታቸው ቆሞ የሚይዙበት እጅ አጡ።

ጎጃም ነውና ማር መነሳቱ አልቀረም። «ቲቸር፣ ማር ያበዛቸዋል?» ማር ካንሰር ያድናል የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም፤ እብጠት ያየ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ አልኩ። ይልቅ ክንዳችሁን እዩ አልኳቸው። በሕፃንነታችን የምንወጋው የቢሲጂ ክትባት ለሽንት ፊኛ ካንሰር ሕክምናም ይውላል፤ ፊኛው ውስጥ ሲገባ ኤንኬ ሴሎችን ጨምሮ መከላከያውን ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ፣ ቢሲጂ ብቻውን ላልሠራላቸው ሕሙማን፣ በኢንተርሉኪን 15 ላይ የተመሠረተ መድኃኒት አብሮት እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ኢንተርሉኪን 15 ኤንኬ ሴሎችን የሚያበረታና የሚያበዛ ነው።

ልሞክረው ለምትሉ መምህራን፦ ከግድያው አትጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መግባቱ የሚሰማችሁ የለም። የቀይ ደም ሴሉን ጥያቄ ማንም ባይጠይቅ እናንተው ጠይቁ። ቀዩን ወረቀት ደግሞ በብዛት ቁረጡ፤ መሬት ላይ የሚበተነው ደረት ላይ ከሚለጠፈው ይበልጣል።