ሴቬን ያጠፋው አፕዴቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ

ይህን የምጽፈው ብሽቀቴ ገና ስላልወጣልኝ ነው። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባለውን የከባድ መኪና ጌም ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው የሚጨምሩበት ፋይል) ጭናችሁ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ጌሙ አፕዴት አድርጎ አልነሳም ባላችሁ ቀን ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። የትኛውን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የምኖረው አዳማ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ። አጎቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስለ ገላፊ፣ ስለ ሚሌ፣ ስለ አዋሽ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። መሪውን ግን አንድ ቀን አስነክቶኝ አያውቅም። ጌሙን የያዝኩት በዚህ ቁጭት ይመስለኛል። ለማያውቁት፣ ፕራግ ያለ ኤስሲኤስ ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት በፈረንጆቹ 2012 ያወጣው ጌም ነው። ጭነት ትቀበላላችሁ፣ አውሮፓን አቋርጣችሁ ታደርሳላችሁ፣ ገንዘብ ስታጠራቅሙ መኪና ትገዛላችሁ፣ ጋራዥ ትከፍታላችሁ፣ ሹፌር ትቀጥራላችሁ። በቃ ይኸው ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰለቸኝም።

ሞዶቼ 43 ነበሩ። ካርታ የሚያሰፋ፣ ሞተሩን በትክክል የሚያስጮህ፣ ዝናቡን ዝናብ የሚያስመስል። አንዱን ራሴ ነኝ የሠራሁት። የአጎቴን መኪና ቀለም ቀብቼ፣ ግንባሩ ላይ ልክ እንደ እሱ በቢጫ «ጊዜ ለኩሉ» ብዬ ጻፍኩበት። ፊደሉ ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፣ ምክንያቱም የአጎቴም ያጋድላል። በዚህ ሞድ ምን ያህል እንደምኮራ መናገር አያስፈልገኝም። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፣ ኩራቴም አብሮ ይመለሳል።

ግንቦት 2016 ላይ ጌሙ ከ1.49 ወደ 1.50 ተሻገረ። እኔ አልጠየቅኩትም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ቡና ላይ ተቀምጬ ስመለስ ስቲም (ጌሙ የሚገዛበትና አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም) ጨርሶ ጠበቀኝ። አስነሳሁት፣ የመጫኛው መስመር ግማሽ ደረሰ፣ ከዚያ ድርግም። ምንም መልእክት የለም። ወደ ዴስክቶፕ ተመለሰ። ደግሜ አስነሳሁ፣ ድርግም።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚመክረውን አደረግኩ፣ ፋይሎቹን በስቲም ቬሪፋይ ማድረግ። ምንም አልጎደለም አለ። እውነቱን ነው፣ አልጎደለም። ሞዶቹ ያሉት ዶክዩመንትስ ውስጥ በጌሙ ስም በተከፈተው ፎልደር ነው፤ ቬሪፋይ ደግሞ እዚያ ድርሽ አይልም። አጥፍቶ እንደገና መጫንም ያው ነው። ከአሥር ጊጋ በላይ ፓኬጅ በልቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስጠብቆ፣ ያንኑ የተበላሸ ሞድ ይዞ ይነሳል። ሞድ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ምክር አትስሙ፤ ማንም ቢላችሁ።

በማግስቱ ኮምፒውተር ጥገና ወሰድኩት። የቤቱን ስም አልጠራም። ልጁ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ጌም ነው እኮ፣ አንድ ጌም ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይሠራል እላለሁ። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ነው መፍትሔው» ይላል። ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለው ነገርስ ስለው «ምን የሚጠቅም ነገር አለህ?» አለኝ። ሳጥኑን በባጃጅ ጭኜ ጭኔ ላይ አቅፌ ተመለስኩ። ፎርማት ባለማስደረጌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ቤት ገብቼ በገዛ እጄ ያደረግኩት ግን ከዚያ የማይሻል ነው።

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሞዶቹን በሙሉ አውጥቼ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ። ጌሙ ተነሳ። ደስታዬ! ስለዚህ ችግሩ ሞድ ነው ማለት ነው። እዚያው ላይ አቁሜ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ፕሮፋይሌን፣ ማለትም የሁለት ዓመት ጨዋታዬ የተቀመጠበትን፣ ከፈትኩት። ጌሙ የእነዚህ የእነዚህ ሞዶች ፋይል የለም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ረጅም ዝርዝር ነው፣ ማን ያነባል? እሺ አልኩት። ሦስት ቀን ስላልተጫወትኩ እጄ እየበላኝ ነበር።

ገባሁ። መኪናዬ የለም። ሞድ ነበረቻ፣ ሞዱ ሲወጣ አብራ ወጣች። በካርታው ሞድ ከተሞች የከፈትኳቸው ጋራዦች የሉም፣ እዚያ የቀጠርኳቸው ሹፌሮችም እንደዚያው። አይ፣ ሞዱን ስመልሰው አብረው ይመለሳሉ አልኩ። በምን አመንኩ? እንጃ። እንዲያውም አንድ ጭነት ይዤ ሮተርዳም አደረስኩ። ጌሙ ሲያደርሱ በራሱ ሴቭ ያደርጋል። ስወጣ ደግሞ እኔ በእጄ ሴቭ አደረግኩ፣ እንዳይጠፋ ብዬ። እንዳይጠፋ!

በዚያው ማታ ጥሩውን ዘዴ አገኘሁ። ስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ ውስጥ ስትገቡ የድሮዎቹ ቨርዥኖች ተደርድረው ታገኛላችሁ። 1.49ን መረጥኩ። ወርዶ እስኪያልቅ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ሲል የማስበው ስለ መኪናዬ ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ለገዛው ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። የእኔን ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ በስጦታ የላከችልኝ ነው። ክራክ የምትጠቀሙ በዚህ ጉዳይ የራሳችሁን መላ ምቱ።)

1.49 ተነሳ። 43ቱን ሞድ መለስኩ፣ አሁንም ተነሳ። ሴቩን ልከፍት ስል እንቢ አለኝ። በ1.50 ሴቭ የተደረገውን 1.49 አያነበውም። ወደፊት ይሄዳል እንጂ ወደኋላ አይመለስም። ወደ 1.50 ልመለስ ብል ሞዶቹ አይሠሩም፣ ሴቩም ቢሆን መኪናዬን ጥሎ የተቀመጠው ነው። በስም ሴቭ የማድረግ ልማድ ደግሞ የለኝም፤ ሁልጊዜ በዚያው ላይ ነው የምደርበው። ሁለት ዓመት በአንድ እሺ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን አዝኜ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አዲስ ፕሮፋይል ጀምሬ፣ ተቀጣሪ ሹፌር ሆኜ፣ የሰው መኪና እየነዳሁ አንድ ምሽት ቆየሁ። ምርር አለኝ። ዘጋሁት።

በዘጠነኛው ቀን አሮጌ ፎቶ ፍለጋ ዶክዩመንትስ ውስጥ ስበረብር የጌሙ ፎልደር ውስጥ ገባሁ። ፕሮፋይልስ የሚለው ፎልደር አለ፣ መጀመሪያ ላይ ኮፒ አድርጉ ያልኳችሁ እሱን ነው። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ፕሮፋይልስ አለ፣ በቅንፍ 1.49ን ይዞ መጨረሻው ላይ ባክ የሚል። ጌሙ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲሻገር መጀመሪያ ራሱ የድሮውን ኮፒ አድርጎ ያስቀምጣል! እኔ እዚያ ጋራዥ ጠፋብኝ ብዬ እንቅልፍ ሳጣ፣ ሁለት ዓመቴ ከአፍንጫዬ ሥር ተቀምጧል። ደስታው ከብስጭቱ ጋር ተቀላቅሎ ምን እንደምል ጠፋኝ። እናቴ ከሳሎን «ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?» አለችኝ። መኪናዬን አገኘሁ አልኳት። «የምን መኪና?» አለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተበላሸውን ፕሮፋይልስ ስሙን ቀየርኩት (አላጠፋሁትም፣ ተምሬያለሁ)። ባኩን ኮፒ አደረግኩና የኮፒውን ስም ፕሮፋይልስ አልኩት። ዋናውን ባክ አልነካሁትም። 1.49ን አስነሳሁ። መኪናዋ ቆማለች፣ «ጊዜ ለኩሉ» እንዳጋደለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የእኔ ፕሮፋይል ስቲም ክላውድ ላይ (ስቲም ሴቩን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥበት) አልነበረም፣ በኢንተርኔቱ ምክንያት መጀመሪያውኑ አጥፍቼው ነበር። ክላውድ ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የመለሳችሁትን ከላይ ያለው መጥቶ ሊደርብበት ይችላል። እኔ ብሆን ክላውዱን አጥፍቼ ነው የምነካው። እንዲያውም ሁሌም አጥፍቼ፣ ፕሮፋይልስን በወር አንዴ ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ። መጠኑ ከሞዶቹ አንጻር ኢምንት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። የካርታው ሞድ ለ1.50 የሚሆነውን ሲያወጣ ሌሎቹንም አፕዴት አደረግኩና ለመሻገር ሞከርኩ። አሁንም ድርግም። በዚያ ሰሞን አጎቴ ከጅቡቲ ገብቶ ቤት ነበር። ከኋላዬ ቆሞ አየኝና፣ «ማሙሽ፣ አንድ በአንድ ነው እንዴ የምትፈታው?» አለ። አዎ ጋሼ፣ 43 ናቸው አልኩት። «መኪና መስመሩ ላይ ሾርት ሲያደርግ እኮ ግማሹን ነው አቋርጠህ የምታየው። ያኛው ግማሽ ከሠራ በሽታው እዚህ ነው። ከዚያ የዚህን ግማሽ።»

አስቡት፣ በእኔ ኮምፒውተር አንድ ማስነሳት ሰባት ደቂቃ ነው። አንድ በአንድ ቢሆን እስከ 301 ደቂቃ። ጥፋተኛው አንድ ቢሆን ኖሮ በግማሽ በግማሽ ከስድስት በላይ ማስነሳት አይፈጅም ነበር። የእኔ ግን 21ዱም ድርግም፣ 22ቱም ድርግም። ቢያንስ ሁለት ጥፋተኛ አለ ማለት ነው፣ በየግማሹ አንድ። በ12 ማስነሳት፣ በ84 ደቂቃ ለየኋቸው። የካርታው ፋይሎች እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ እንደ አንድ ሞድ አብሬ ነው ያንቀሳቀስኳቸው። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ደግሞ ለሙከራ በከፈትኩት ባዶ ፕሮፋይል ነው። በዋናው ፕሮፋይላችሁ እንዳትሞክሩ!

አንደኛው የዝናቡ ሞድ ነበር። ባለቤቱ ከተወው ቆይቷል። ጌሙ አይስማማም እያለ ማስጠንቀቂያ ሲያሳየኝ ነበር፣ እኔ ግን ማኒፌስት የሚለውን ፋይል ከፍቼ የቨርዥኑን ቁጥር ቀይሬ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቼዋለሁ። ይህን ዘዴ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። የሚጠፋው ጽሑፉ ነው እንጂ በሽታው አይደለም።

ሁለተኛው የራሴው ነው። አዎ፣ ያ የምኮራበት።

መጀመሪያ አላመንኩም። እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለውን ጌም ሎግ የሚባለውን የጽሑፍ ፋይል ከፍቼ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣ ከመዘጋቱ በፊት ያሉትን ኤረር የሚሉ መስመሮች። የሚጠራው ኢኮኖሚ ዳታ የሚለውን ፋይል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የኪሎ ሜትር ክፍያውን ትንሽ ከፍ ላድርግ ብዬ የጌሙን ፋይል እንዳለ ገልብጬ ሞዴ ውስጥ ከትቼው ረስቼዋለሁ። ጌሙ አደገ፣ አዳዲስ መስመር ጨመረ፣ የእኔ አሮጌ ቅጂ ግን በላዩ ላይ እየተደረበ ጎደሎ ያስነብበዋል። ሎጉን በመጀመሪያው ቀን ባነበው ኖሮ የራሴን ጥፋት ያን ቀን አየው ነበር። ፋይሉን አወጣሁ። የቀለሙ ሥራ ምንም አልሆነም።

ለአጎቴ ስነግረው የሳቀው ስለ ክፍያው ነው። «እንዲህ የሚከፍል ማኅበር ካለ እኔንም አስመዝግበኝ» አለ።

አሁን እንዴት እንደምጫወት ልንገራችሁና ላብቃ። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቨርዥን ተጠቀሙ ይላሉ። ሞድ ለሌለው ሰው ይሁን። እኔ ቤታስ ውስጥ ገብቼ የያዝኩትን ቨርዥን በቁጥር እመርጥና እዚያው ላይ እቀመጣለሁ፤ አዲስ ሲወጣ ስቲም ጎትቶ አይወስደኝም። የካርታው ሞድ ሲደርስ፣ ፍላሹ ላይ ከገለበጥኩ በኋላ፣ በባዶው ፕሮፋይል ሞክሬ ነው የምሻገረው። አፕዴት የሚደረገው ጌሙን ሳስነሳ ብቻ ይሁን የሚለው ማስተካከያ አያድንም፤ ማስነሳቴ አይቀርማ።

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። የግንባሩን ጽሑፍ ዝም ብሎ አየው፣ ስለ ማጋደሉ ምንም አላለም። ሮተርዳም ደርሼ ተሳቢውን ወደኋላ ላስገባ ስል ክርኔን ነካ አደረገኝ። «መስታወት እይ» አለኝ።