አጥንት ከመወርወራችሁ በፊት ውሻችሁ እንዴት እንደሚያኝክ እዩ

ሰው ውሻ እንዳለኝ ካወቀ ጥያቄው አይቀርም። "ጫማዬን ጨረሰው፤ ምን ልስጠው?" ይሉኛል። "አጥንት አይሻልም?" የሚሉም አሉ። መልሴ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ውሻችሁ እንዴት ነው የሚያኝከው? እስቲ አንድ ነገር ስጡትና አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እዩት። አንዱን ውሻ ምንም የማያደርገው ነገር ሌላውን ሊገድለው ይችላል። ይሄን ደግሞ በዘሩም በቁመቱም አታውቁትም፤ ሲያኝክ ካላያችሁት በቀር።

ማኘኩን ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት። ጎንደር ውስጥ ብዙው የግቢ ውሻ ቀኑን በር ላይ ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ያን ሁሉ ሰዓት ምን ይሥራ? ማኘክ ያረጋጋዋል፣ ቀኑን ይገፋለታል፣ ጥርሱ ላይ የሚጋገረውንም ቆሻሻ በመጠኑ ይፍቅለታል። የሚታኘክ ነገር ካልሰጣችሁት ራሱ ይመርጣል። ሸበጥ፣ ጀሪካን፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ። የጎማውን በተለይ ልብ በሉ። "ላስቲክ ነው፣ ይጫወትበት" ብሎ የሚጥልለት ሰው ብዙ ነው፣ ውስጡ ግን ቀጫጭን የብረት ሽቦ አለ፤ ላስቲኩ ሲያልቅ ሽቦው አፉን ይቀደዋል፣ ከተዋጠም አንጀቱን።

እኔ ውሾችን በአስተኛኘካቸው በአራት እከፍላቸዋለሁ። ቆርጣሚው የሰጡትን በሁለት እጁ ይይዝና አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በኋላ ጥርሱ ያደቅቀዋል፤ ድምፁ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማል። የጀርመን ሸፐርድ ክልሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ግን ትንሽዬ የሐበሻ ውሻም እንደዚያው ስታደቅቅ አይቻለሁ። ሰልቃጩ ማኘክ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዴ ሁለቴ ይነክስና ይውጠዋል፣ ሌላ ውሻ ከተጠጋማ ጭራሽ ሙሉውን። መንገድ ላይ ተሻምቶ ያደገ ውሻ ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ሳህን የሚበላ ላይ ይህ ጠባይ ይበዛል። ቀዳጁ መብላቱን አይፈልገውም፣ መቅደድ ነው ደስታው፤ ፍራሽ፣ ካልሲ፣ ካርቶን፣ ባዶ ማዳበሪያ አይቀረውም። ጋጩ ደግሞ ረጋ ያለ ነው። ይልሳል፣ በፊት ጥርሱ ይፍቃል፣ ትቶት ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለስበታል። ጋጭ ያላችሁ ታድላችኋል። አንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ጋጭ፣ ሌላ ውሻ ሲያይ ሰልቃጭ ነውና ሁለቱንም ጊዜ እዩት።

ስለ ቆርጣሚው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "መንጋጋው ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ጠንካራ ነገር ልስጠው" ይባላል። የበሬ ቅልጥም፣ ሰኮና፣ ቀንድ። መንጋጋው እውነትም ጠንካራ ነው፤ ጥርሱ ግን አይችለውም። የውሻ ጥርስ ውጪውን የሚሸፍነው ነጩ ክፍል ከእኛ ጥርስ የሳሳ ነው።

ጎረቤታችን ያሉ እናት ውሻቸው አንበሴ በአንድ በኩል ብቻ ማኘክ ሲጀምር ጠሩኝ። "ምን ሆነብኝ ልጄ፣ እንጀራውን እንኳ ያነሳና ይጥለዋል" አሉ። ከንፈሩን ከፍ አድርጌ ሳይ ላይኛው መንጋጋ ላይ ያለችው ትልቋ ጥርስ ውጪያዊ ጎኗ ተሰንጥሮ ወድቋል፣ በተሰነጠረው መሃል ቀይ ነጥብ ይታያል። ያ ነጥብ የጥርሱ ውስጥ ነው፤ ደም ሥሩና ነርቩ ያለበት። "እትዬ፣ ምን ነበር የሰጡት?" አልኳቸው። ከቅርጫ የተረፈ ቅልጥም ነበር። "አጥንት ለውሻ መች ተከልክሎ ያውቃል?" አሉኝ ደንገጥ ብለው።

ያች ጥርስ ውሾች ብዙ ጊዜ የሚሰብሯት ጥርስ ናት። የሚያሳዝነው ደግሞ ውሻ ጥርሱን ሲያመው አይጮህም። መብላቱን ይቀጥላል፣ ጎኑን ይቀይራል፣ እናንተ ሳታዩ ሥሩ መግል ይቋጥርና ዓይኑ ሥር ያብጣል። የአንበሴም ጥርስ ተነቀለ። አሁን ደህና ነው።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተጭናችሁ ሞክሩ። ትንሽ ከገባ ወይም ምልክት ከተወ ጥሩ ነው። ምንም ካልሆነ ተዉት። ሌላው መሞከሪያ ጉልበታችሁ ነው፤ በዚህ ነገር ጉልበቴን ብመታ ያመኛል ብላችሁ ካሰባችሁ ለጥርሱ ከባድ ነው። ቅልጥምም፣ ቀንድም፣ ሰኮናም ይህን አያልፉም። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ውሻው ቀንድ እንዲነክስ የምናቀርብለት ግን እኛ ነን። ልኳንዳ ቤት በመጋዝ ክብ ክብ አድርገው የሚቆርጡት ቅልጥም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውሻው መቅኑን ሲልስ ክቡ አጥንት የታችኛው መንጋጋው ላይ ይገባና ከክራንቻው ኋላ ተቀርቅሮ አልወጣ ይላል፤ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ማደንዘዣና መቁረጫ ነው የሚያስፈልገው።

የበሰለ አጥንትስ? ለአራቱም ዓይነት ውሻ ክልክል ነው። አጥንት ሲበስል ይደርቅና ሲሰበር እንደ መርፌ የሾለ ስባሪ ይሆናል፤ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል፣ ባይበሳም ተጠራቅሞ መውጫውን ይዘጋል። የዶሮ ይብሳል። እኛ ጋ ደግሞ አደጋው በዓል ጠብቆ ነው የሚመጣው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ሥጋ ሳያይ ይከርማል፣ ውሻውም አብሮ ይጾማል፣ ፋሲካ ሲነጋ የ12ቱ የዶሮ ብልት አጥንት ከነመረቁ ባንዴ ይደፋለታል። አጥንቱ ብቻ መች ሆነ። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ። ቅቤው ለከረመ ሆድ ከባድ ነው፣ ቆሽቱን አቁስሎ ለቀናት ሊያስመልሰው ይችላል። የበዓል ሰሞን ለልጆችም ለእንግዳም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የአጥንቱን ዕቃ ክዳን ያለው አድርጉት፣ ውጪም አትድፉት እባካችሁ፤ የመንገድ ውሻም ጉሮሮ አለው።

የሳንባው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እዚህ ላይ ሰውም ስላለበት። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። "ይሄስ አይበላም" ይባልና ለውሻ ይጣላል። ያ ውሃ ቋጣሪ ኤኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል ዘመድ እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ በሚበላ ልጅ ሆድ ይገባል፣ ከዚያም ያው ውሃ ቋጣሪ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። አገራችን ውስጥ በደንብ የሚታወቅ በሽታ ነው። ስለዚህ ለውሻ የምትገዙትን ሳንባ ቆራርጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ውሃ የቋጠረውን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ለውሻችሁም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው መስጠት እንዳለባችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንስጥ? እኔ በጣም የምወደው ቤት የሚደርቀውን ነው። የበሬ ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ ጨጓራ፣ ጅማት። ልኳንዳ ቤት ቀደም ብላችሁ ከነገራችኋቸው ያስቀምጡላችኋል፣ ዋጋውም ከሥጋው ጋር አይወዳደርም። በደንብ ታጥቦ ይቀቀላል፣ ከዚያ ልክ እንደ ቋንጣ ይሰቀላል፤ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ጎንደር ላይ የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰቅላችሁ ብትረሱት እንኳ ይደርቃል። ክረምት ላይ ግን ይሻግታል፤ አትድከሙ። ሲደርቅ ጥፍር የሚያስገባ፣ ሲጎነጥሉት የሚተጣጠፍ መሆን አለበት። ይህ ለጋጩ ሙሉ ቀን ይበቃዋል። ቆርጣሚውም ይወደዋል፣ ቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ።

ለቆርጣሚው የሚሻለው ውስጡ ክፍት የሆነ ወፍራም የላስቲክ መጫወቻ ነው። ኮንግ የሚባለውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ፤ ጥቁሩ ለኃይለኛ አኛኪ የተሠራው ነው፣ ቀዩ ለመካከለኛው። መጠኑን ከውሻው ክብደት ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። ውስጡን በሩዝና በተቀቀለ ሳንባ ሞልታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆዩት፣ በር ላይ ታስሮ የሚውለው ውሻ ረፋዱን በእሱ ያሳልፋል። የኦቾሎኒ ቅቤም ይሆናል፤ የታሸገ ከሆነ ግን ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት አንብቡ፣ ውሻ ላይ መርዝ ነው።

ሰልቃጭ ያላችሁ ትልቁን ጥንቃቄ ውሰዱ። ጠፍር አትስጡት። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ፣ በአጥንት ቅርጽ የተጠቀለለውም ቆዳ ነው። ቆዳ በምራቅ ሲርስ ያድጣል፣ ሳይታኘክ ይወርዳል፣ ሆድ ውስጥ ያብጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ የሚሰጠው ነገር ከአፉ የሚበልጥ ይሁን፣ ረዘም ያለውን የደረቀ ጨጓራ አንዱን ጫፍ እናንተ ይዛችሁለት ያኝክ፣ ጡጫ ሲያክል ውሰዱት። ከሁሉ የሚሻለው የሚላስ ነገር ነው፤ ሩዝና የሥጋ መረቅ ያለ ሽንኩርት በዝርግ ሳህን ላይ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ አድርጋችሁ አቅርቡለት። የሚላስ ነገር አይሰለቀጥም።

ቀዳጁ ርካሽ ነው። ካርቶን ስጡት፣ ብረቱንና ፕላስተሩን አንሱና ውስጡ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ደብቁለት። እየቀደደ የሚውጥ ከሆነ ግን ተዉት። ፌስታል፣ ካልሲና ክር ከአጠገቡ ይራቅ። ክር ከኋላው ወጥቶ ብታዩ ደግሞ በፍጹም አትጎትቱ፤ ሌላው ጫፍ አንጀቱን ሰብስቦ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። በ4ኛው ወር ገደማ መውለቅ ይጀምራል፣ እስከ 7ኛው ወር 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ይተኩታል። በዚያ መሃል ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ከቅዳሜ ገበያ ትልልቁን ካሮት ግዙና አቀዝቅዛችሁ ሙሉውን ስጡት፤ ክብ ክብ አድርጋችሁ አትክተፉት፣ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ንጹሕ ጨርቅ አርሶ፣ ቋጥሮ፣ አቀዝቅዞ መስጠትም ይሆናል። ያረጀ ውሻ ጥርሱ ስለሚነቃነቅ ለስላሳውን ብቻ።

ሁለት ነገር ደግሞ ከሰፈራችን ላንሳ። ክረምት ላይ በቆሎ ጠብሰን በልተን ቆረቆንዳውን መወርወር ልማዳችን ነው። ቆረቆንዳ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ለሰልቃጭ ውሻ በቀጥታ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨትም ለመጫወቻ አይሆንም። ይሰነጠራል፣ ቅጠሉና ዘይቱ ደግሞ ለውሻ መርዛማ ነው።

ምንም ስጡት ምን፣ ብቻውን አትተዉት፤ ቢያንስ አመሉን እስክታውቁ። ቁራጩ ሊዋጥ እስኪችል ሲያንስ ውሰዱት። እየሮጣችሁ ካሳደዳችሁት ግን ያን ጊዜውኑ ይውጠዋል። የተሻለ ነገር አሳዩትና ተለዋወጡት።

አፉን በእጁ ደጋግሞ ከፈተገ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ ከተወ፣ አምጦ አምጦ ካልወጣለት ወይም ሆዱ ሲነካ ካመመው አትዘግዩ። ጎንደር ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቴዎድሮስ ግቢ ነው ያለው፣ ክሊኒክም አለው። ቤት ውስጥ ዘይትም ጨውም እያጠጣችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ የዋጠው ስለታም ከሆነ ሲመለስም ይቀዳል። የቀረውን ስባሪ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ዓይነቱንና መጠኑን ካየ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።